አንቱ ያለችው ዝሆን

ኤልዳና ዝሆኗን የጠረጠረቻት በትሕትናዋ ነው።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በነሐሴ ወር፣ ቮይ ከምትባለው የኬንያ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የአራዊት ጥብቅ ስፍራ ውስጥ ነው። ኤልዳና ከባሏ ከባምላክ ጋር ለዘጠኝ ቀን ሽርሽር ከአዲስ አበባ በባቡር ወርዳለች። ጉዞውን ያሰናዳችላቸው ልጃቸው ኖላዊት ነበረች። ግማሹ አውሬ ለማየት፣ ግማሹ ባሕር ለማየት። አውሬው የባምላክ ምኞት ነው፤ ባሕሩ የኤልዳና። ስልሳ ዓመት ሙሉ የምታውቀው ባሕር ዳርን እንጂ ባሕርን አልነበረም፤ ስለ ከተማይቱ በተነሳ ቁጥርም "ስሟን አሳምራ ሐይቅ አጠገብ ተቀምጣለች" እያለች ትቀልድ ነበር።

በዚያ ዘመን ፍሬ የማያደርግ ሰው ከስንት አንድ ነው። ፍሬ ሽምብራ የምታክል ነገር ናት። ጠዋት ፊት ከታጠቡ በኋላ ጆሮ ውስጥ ትገባለች፤ ሲተኙ ትወጣለች። መጀመሪያ የሰውን ቋንቋ ሁሉ ወደ ሰሚው ቋንቋ ትመልስ ነበር። ቀጥላ የውሻን፣ የድመትን፣ የከብትን ጨመረች። የአዲስ አበባ ወረዳዎች ለውሻ አቤቱታ መስኮት ከከፈቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሰልፉ ማክሰኞና ሐሙስ ይበዛል። በፋሲካ ሰሞን ግን ሰው ሁሉ ፍሬውን አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣታል። እንዲህ አድርጉ ብሎ ያዘዘ የለም። በጉ ግቢ ከገባበት ሰዓት አንስቶ እስከ እሑድ ጠዋት ድረስ ከተማው በባዶ ጆሮ ይውላል። ሰኞ ሁሉም መልሶ ያደርጋታል፤ ስለ ነገሩም አይወራም።

ኤልዳና ሃያ ስምንት ዓመት አስተርጓሚ ነበረች። ከስዋሂሊና ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ ሁለቱ። በየአዳራሹ ጀርባ ባለች የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የሚኒስትሩን ንግግር፣ የገበሬውን ምስክርነት፣ የባልና የሚስቱን ክርክር ሳይቀር መልሳለች። ያልተባለ ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ፍሬ በመጣች በዓመቱ ያቺ የመስታወት ክፍል የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ሆነች። ኤልዳና አላለቀሰችም። ፍሬን የምታደርጋት ግን ግድ ሲሆንባት ብቻ ነበር። በጥብቅ ስፍራው ደግሞ ግድ ነው፤ አውሬው "ራቁ" ሲል ያልሰማ እንግዳ ለአደጋ ይጋለጣል ተብሎ በደንብ ተጽፏል።

ባምላክ ርዕሰ መምህር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት አንድ ሺህ አምስት መቶ ተማሪ ፊት ቆሞ "ሰልፋችሁን አስተካክሉ" ብሏል። በሰፈሩ ሲያልፍ ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ጎረምሳ ሁሉ ብድግ ይልለት ነበር። ጡረታ ከወጣ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። ከዚያ ወዲህ "ጋሼ ባምላክ" የሚለው ጠፋ። ጠዋት በረንዳ ላይ ቆሞ የትምህርት ቤቱን ደወል ያዳምጣል፤ ሁለት ደቂቃ ከዘገየ ፊቱ ይጠቁራል። ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ድረስ የሚናገረው ነገር የለውም። ኖላዊት ለሽርሽሩ "ልዩ መስተንግዶ" የሚባለውን የመረጠችላቸውም አባቷ እንዲህ ሆኖ እያየችው ነው። ቅጹ ረጅም ነበር። ምን ይወዳሉ፣ ምን ይናፍቃቸዋል፣ በቅርቡ ምን አጡ ይላል። ኖላዊት አንዱንም ሳትዘል ሞላችው።

እሑድ ደረሱ። ሰኞ ጠዋት ቁርስ ላይ አንድ ጦጣ ከጣሪያው ወርዶ የኤልዳናን ዳቦ ከሳህኗ ላይ ነጠቀ። ወዲያው ጆሮዋ ውስጥ አንድ ለስላሳ የወንድ ድምፅ "ይቅርታዎን እመቤቴ፤ ርቦኝ ነው" አላት። ጦጣው ዳቦውን ሙሉ በሙሉ አፉ ውስጥ ከቶ ስለነበር ጉንጩ ተወጥሯል።

"ሰማሽው?" አለ ባምላክ ተደንቆ። "አሳዳጊ ያልበደለው ጦጣ!"

"ሰማሁት" አለች ኤልዳና። "አፉን ሞልቶ እንዴት ተናገረ?"

"እንግዲህ ጀመርሽ።"

የዚያን ዕለት ቀጭኔዎቹ ስለ አየሩ መልካምነት አወሩላቸው። የሜዳ አህዮቹ መቶ ሆነው በአንድ ድምፅ ስለ አንድነት ተናገሩ። ከግራር ሥር የተጋደመው አንበሳ ዓይኑን እንኳ ሳይገልጥ "ዛሬ ጠግቤ ውያለሁና አይስጉ" አለ። ባምላክ እያንዳንዱን በማስታወሻ ደብተሩ ጻፈ። ኤልዳና ዝም ብላ አየች። አንበሳው ቆንጆ ነበር፤ ሳይናገርም ይበቃት ነበር።

ማክሰኞ የዝሆን ቀን ነው። ከኩሬው አጠገብ ከፍ ብሎ የተሠራ የእንጨት ማማ አለ፤ እንግዶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይወጡበታል። ተራቸው ሲደርስ ዝሆኖቹ ከቁጥቋጦው ወጡ፤ አሥራ አንድ ነበሩ። ፊት ፊት የምትመራው አሮጊት ናት፤ አንድ ጥርሷ ተሰብሯል፤ ቀይ አፈር ስለምትነፋ ሰውነቷ የጡብ ቀለም ይዟል። ኩሬው ዳር ቆመች፤ ኩምቢዋን ውሃ ውስጥ ከተተች።

"እንኳን ደህና መጡ ጋሼ ባምላክ" አለ ጆሯቸው ውስጥ አንድ የአሮጊት ድምፅ። "ብዙ ተሸክመው እንደቆዩ ከአካሄድዎ ያስታውቃል። እዚህ ያውርዱት። እኛ ዘንድ የእርስዎ ድካም የታወቀ ነው።" ጥቂት ቆይቶም "አንቺም እንኳን ደህና መጣሽ" አለ።

ባምላክ የማማውን አግዳሚ በሁለት እጁ ያዘ። ዕንባው ወረደ። ኤልዳና ከተጋቡ ጀምሮ ሲያለቅስ ያየችው ሁለት ጊዜ ነው፤ እናቱ ሲሞቱና ኖላዊት ስትወለድ። አሁን ሦስተኛው ሆነ።

እጇን ጀርባው ላይ አሳረፈች። ጆሮዋ ግን ሌላ ሥራ ይዞ ነበር። እሱ ስልሳ አንድ፣ እሷ ስልሳ፤ ዝሆኗ እሱን አንቱ፣ እሷን አንቺ ስትል ማን ነገራት? ይህ አንድ ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ድምፁ የጀመረው ዝሆኗ ገና ውሃ ስትስብ ነው። አስተርጓሚ ደግሞ ከተናጋሪው ቀድሞ አይጀምርም። ያ ሁሉ ንግግር ካለቀ በኋላ ዝሆኗ ራሷን ቀና አደረገችና ከደረቷ ጥልቅ የሆነ ነገር አወጣች፤ ድምፅ ከማለት መንቀጥቀጥ ማለት ይቀላል፤ ኤልዳና በማማው ወለል በኩል በእግሯ ሰማችው። ዝሆኗ ሦስት ጊዜ እንዲህ አለች። ፍሬዋ ሦስቱንም ጊዜ ጸጥ አለች።

ባምላክ ያን ሌሊት እስከ ማለዳ ድረስ አንድም ጊዜ ሳይነቃ ተኛ። ረቡዕ ጠዋት ሲነሳ እያንጎራጎረ ነበር። ሁለት ሳህን ቁርስ በላ። ለኖላዊት ደውሎ ግማሽ ሰዓት አወራት፤ በስልክ ከሦስት ቃል በላይ ተናግሮ የማያውቅ ሰው! ከዚያ እንግዳ መቀበያው ጋ ሄደና ፊቱ በርቶ ተመለሰ።

"ዓርብ ጠዋት ከዝሆኗ ጋር ብቻዬን አንድ ሰዓት ሰጡኝ" አለ።

"ዓርብ?"

"ዓርብ።"

ወደ ባሕር የሚወርደው ባቡር በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ቀን ብቻ ነው። እሑድ ወደ አገር ይመለሳሉ። ሁለቱም ያውቁታል።

"ባሕሩ..." አለ ባምላክ። "ባሕሩ ትልቅ ውሃ ነው ኤልዱ። ዝሆኗ ግን ታውቀኛለች።"

ኤልዳና ፊቱን አየችው። ዓመት ሙሉ አጥታው የከረመችው ፊት ተመልሶ መጥቷል። ይህን ፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር ማጥፋት ትችላለች። ባርኔጣዋን አነሳችና በእግሯ ወጣች።

ከእንግዶቹ ማረፊያ ጀርባ የዝሆኖቹ ጠባቂ ግቢ ነው። ጠባቂዋን ማማ ዋኬሾ ይሏታል፤ ሰባ ዓመት የሚጠጋት ቀጭን፣ የዚያው የታይታ አገር ሴት ናት። አርባ ዓመት ከዝሆኖቹ ጋር ኖራለች። ኤልዳና ስትደርስ ድርቆሽ በመንሽ እያራገፈች ነበር። ፍሬዋ የሽርጧ ኪስ ላይ እንደ ቁልፍ ተሰክታለች።

ኤልዳናም የራሷን ከጆሮዋ አወጣችና በስዋሂሊ ሰላምታ ሰጠቻት። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ነው። መጀመሪያ ምላሷ ተሳሰረ፤ ሦስተኛው ቃል ላይ ተፈታ።

ማማ ዋኬሾ መንሹን አቆመች። "በአፏ የምታወራ እንግዳ!" አለች። "ነይ ተቀመጪ ዳዳ፣ እህቴ። ካንቺ በፊት የመጣው መቼ እንደነበር እንኳ ረሳሁ።"

የድርቆሽ እስር ላይ ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ልጆች ተጨዋወቱ። ከዚያ ኤልዳና ስለ ማክሰኞው ድምፅ ጠየቀች።

"ልዩ መስተንግዶ ነው ያላችሁ?" አለች ማማ ዋኬሾ።

"አዎ።"

"እንግዲያማ።" እጇን አራገፈች። "መጀመሪያ ፍሬዋ ዝሆኖቹ ያሉትን ብቻ ነበር የምታሰማው። 'ውሃ።' 'ነይ።' 'የት ነሽ?' 'እንሂድ።' ሰዉ አዘነ። 'ይህን ለመስማት ነው ወይ ያን ሁሉ አገር አቋርጠን የመጣን?' አሉ። አንዳንዱ ተቆጣ። ከዚያ ልዩ መስተንግዶ መጣ። አሁን ደስ ብሏቸው ነው የሚሄዱት።"

"ማክሰኞ ዕለት ቢቢ ለባሌ ምን አለችው?" ቢቢ የአሮጊቷ ዝሆን ስም ነው።

"ለባልሽ? ምንም። የተናገረችው ለልጅ ልጆቿ ነው። 'እንሂድ' አለች።"

"ብቻ?"

"ሦስት ጊዜ አለች። አልሰሟትም።"

ኤልዳና ሳትፈልግ ሳቀች። ከዚያ ልቧ ከበዳት።

ስትመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ባምላክ ካውያ አስመጥቶ ነጭ ሸሚዙን እየተኮሰ አገኘችው። ለዓርብ ነው። ለዝሆን ሸሚዝ ሲተኮስ ማየት በሌላ ቀን ቢሆን ሆዷን ይዛ ያስቃት ነበር።

"ባምላክ፣ ቁጭ በል።"

"ቆሜ እሰማለሁ፤ ካውያው ይቀዘቅዛል።"

"ዝሆኗ አላናገረችህም።"

እጁ አልቆመም። "ማን አለ?"

"ጠባቂዋ። ከጠባቂዋ በፊት ደግሞ እኔ። ድምፁ ከዝሆኗ ቀድሞ ነው የጀመረው። እሷ ስትናገር ዝም አለ። ሃያ ስምንት ዓመት የሠራሁበት ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር አያመልጠኝም። ኖላዊት የሞላችውን ቅጽ ነው መልሰው ያነበቡልህ።"

ባምላክ እጅጌውን ገለበጠ። ሌላውን ወገን ተኮሰ። ከዚያ ካውያውን በእርጋታ አቆመው።

"ሥራሽን የቀማሽን ነገር መቼም አትወጂውም" አለ።

"አልወደውም። ይኼ ግን ሌላ ነው።"

"ሌላ አይደለም። ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ 'ደክሞሃል' ያለኝ ሰው የለም። አንቺም ጭምር። ዝሆን አለችኝ። እሺ፣ ዝሆንም አይደለችም፤ ፍሬ ናት። ቢሆንስ? የተኛሁት እንቅልፍ የእኔ ነው።"

አንቺም ጭምር። ኤልዳና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እውነቱን ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው የተናገረውን አንድ ቃል ሳትጥል ስትመልስ የኖረች ሴት፣ በረንዳ ላይ ዝም ብሎ የቆመውን ባሏን "ምሳ ቀርቧል" እንጂ ምን ብላው ታውቃለች? ደወል ሲያዳምጥ ከመስኮት ታየው ነበር። ያልፍለታል ብላ ነበር።

"አይቼሃለሁ" አለች። "ደክሞህ እንደነበር አይቻለሁ። ልጠይቅህ ፈራሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ባምላክ ሸሚዙን ማጠፍ ጀመረ፤ አበላሸው፤ እንደገና አጠፈው።

"ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር ና" አለችው። "ያለ ፍሬ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ ዓርብ ካልክም አብሬህ እቆያለሁ።"

"ባሕሩስ?"

"የትም አይሄድም።"

ይህን ስትል ድምጿ ደህና ነበር። ፊቷን ግን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሐሙስ ንጋት ላይ ማማ ዋኬሾ በሠራተኛ በር አስገባቻቸው። እዚያ የሚወጡበት ማማ የለም፤ ወፍራም የእንጨት አጥርና ጭቃ ብቻ። ሦስቱም ፍሬዎች የማማ ዋኬሾ ኪስ ውስጥ ናቸው፤ ደንቡን ብትጥስም አርባ ዓመት ያገለገለችን የሚናገራት የለም። ባምላክ አኩርፎ ነው የመጣው፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ኤልዳና በሁለቱ መሃል ገባች። ሳታስበው ቀኝ እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ የመስታወቱ ክፍል ልማድ ነው።

ዝሆኖቹ መጡ። ጠጡ፤ ጭቃ ተራጩ። ፀሐይ ከፍ ስትል ቢቢ ከኩሬው ወጥታ ወደ ጫካው ዞረች፤ ያ መንቀጥቀጥ ከመሬት ውስጥ መጣ። ማማ ዋኬሾ በስዋሂሊ አንሾካሾከች።

"'እንሂድ' አለች" አለች ኤልዳና በባሏ ጆሮ።

ማንም አልተነቃነቀም። ሁለት ትንንሾች ጭቃው ውስጥ ይንከባለላሉ። አንዱ ጎረምሳ ነጭ ወፎች ያባርራል።

"'እንሂድ' አለች፤ አሁን ጠንከር አድርጋ። ያኛዋ እናት 'እሺ፣ መጣሁ' አለች። ያ ጎረምሳ..." ኤልዳና ወደ ማማ ዋኬሾ ዞራ ጠየቀች፤ መልሱን ሰማች። "ጎረምሳው ምንም አላለም። ሰምቶ ነው ዝም ያለው።"

"እንዴት ታውቃለች?" አለ ባምላክ። የመጀመሪያ ቃሉ ናት።

"ጆሮውን ወደ ኋላ አድርጓል ትላለች። የሰማ ጆሮ ነው። አሁን ቢቢ ደገመች፤ 'እንሂድ አልኩ! አንተ ባለጌ፣ ድንጋይ ነህ እንዴ!'" ኤልዳና አቋረጠች፤ ማማ ዋኬሾን በጥርጣሬ አየቻት፤ አንድ ነገር ተባባሉ። "የመጨረሻውን ይቅርታ፣ ዝሆኗ አላለችም። ማማ ዋኬሾ ከራሷ ጨምራ ነው።"

ባምላክ ወደ አጥሩ ጠጋ አለ። ቢቢ የሄደችውን መንገድ ተመልሳ መጣች። ትንንሾቹን በኩምቢዋ አንድ በአንድ ከጭቃው እያስወጣች ከኋላ ከኋላ ገፋቻቸው። አንዱ ወደ ውሃው ሲያመልጥ ሌላው ይከተለዋል። ሰልፉ እንደተበጀ ይፈርሳል።

"ኤልዱ" አለ ባምላክ። ድምፁ ተቀይሯል። "ይቺ እኮ ርዕሰ መምህር ናት።"

"እ?"

"ርዕሰ መምህር ናት! ሰልፍ ማሰለፏ ነው! ያቺን እያት፣ ከኋላ የምትጎተተዋን፤ በየትምህርት ቤቱ አንድ አለች! ያ ወፍ አባራሪ ደግሞ... እሱን አውቀዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ ወላጅ አስጠርቼበታለሁ!" ሳቅ ቀደመው። አጥሩን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዕንባው እስኪፈስ ሳቀ። ቢቢ በአሥር እርምጃ ርቀት አልፋ ስትሄድ አላየችውም እንኳ። ሥራ ላይ ነበረች።

ሁሉም ወደ ጫካው ገቡ፤ ጎረምሳው ብቻ ቀረ። ባምላክ ተስተካክሎ ቆመ። ከሆዱ በወጣ፣ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ባልተሰማ ድምፅ "አንተ ልጅ! ወደ ሰልፍ!" አለ።

ጎረምሳው ዘለለ። ጆሮውን ዘርግቶ አንድ አፍታ አየው፤ ከዚያ ጅራቱን ቀስሮ ወደ ጫካው ሮጠ።

"ምን አለው?" አለች ማማ ዋኬሾ አፏን ይዛ። ኤልዳና በስዋሂሊ መለሰችላት። አሮጊቷ መንሿን እስክትጥል ሳቀች፤ ባምላክንም እጁን ጨብጣ አልለቅም አለችው።

ወደ ማረፊያቸው ሲመለሱ ባምላክ ግማሽ መንገድ ላይ ዘወር ብሎ ኩሬውን አየ።

"ሃያ ሁለት ዓመት" አለ። "እኔም እንደሷ አንድ ቃል ነበር የምደጋግመው። ማንም አልሰማኝም እያልኩ ነው የወጣሁት።"

"ሰምተውሃል፤ ሲያልፉህ ብድግ ይሉልህ አልነበረም?"

"ጆሯቸውን ወደ ኋላ አድርገው ነበር ማለት ነው" አለና እንደገና ሳቀ። ከዚያ ቆመ። "ሻንጣሽን አስረሻል?"

"አላሰርኩም።"

"ምን ትጠብቂያለሽ ታዲያ?"

የተተኮሰውን ሸሚዝ ለባቡሩ ለበሰው።

የባሕር ጠረፍ ከተማ ዋታሙ ሲደርሱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል። ኤልዳና ሻንጣዋን ለባምላክ አስይዛ በአሸዋው ላይ ቀጥ ብላ ሄደች፤ አልቆመችም፤ በጫማዋ ገባች። ውሃው ጉልበቷ ድረስ መጣና ቀሚሷን ይዞ ተመለሰ። ጣቷን ነክራ ቀመሰች።

"እውነትም ጨው ነው!" ብላ ጮኸች። ከኋላዋ ባምላክ ሁለት ሻንጣ ተሸክሞ፣ አፉን ከፍቶ ውሃውን ያያል። መጨረሻውን በዓይኑ ይፈልጋል፤ አያገኘውም።

ዓርብን ውሃ ዳር ዋሉ። ቅዳሜ ዓሣ ነባሪ ለማየት በጀልባ ወጡ። ባለጀልባው አትማን የሚባል የላሙ ደሴት ሰው ነው፤ ጢሙ ነጭ፣ ጆሮው ባዶ። ፍሬ እንዳያደርግ ያስቸገረው ጨዉ ነው፤ ሦስት በልቶበታል። ተሳፋሪዎቹ አሥር ሲሆኑ ከኤልዳናና ከባምላክ በቀር ሁሉም ፍሬ አድርገዋል፤ ሁሉም በልዩ መስተንግዶ ነው የመጡት። ባልና ሚስቱ የራሳቸውን ክፍላቸው ውስጥ ጥለዋታል።

ከምድር ርቀው ለአንድ ሰዓት ያህል ሲጠብቁ ቆዩ። ከዚያ ከጀልባዋ ጎን፣ ዱላ በሚደርስበት ርቀት፣ ውሃው ጠቆረና ተከፈለ። የዓሣ ነባሪዋ ጀርባ ወጣ፤ ወጥቶ አላልቅ አለ። ስምንቱም ተሳፋሪዎች ተነሱ። እያንዳንዱ በየቋንቋው ለሱ ብቻ የተባለውን እየሰማ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ይላል። ለአንድ አፍታ ማንም ባሕሩን አላየም።

ዓሣ ነባሪዋ ተነፈሰች። እንደሚተነፍስ ትልቅ የመኪና ጎማ ፉ አለችና የሞቀ እርጥበት በሁሉም ላይ ዘነበ። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ የዋለ ዓሣ የሚሸት ትንፋሽ ነው።

"እግዚኦ!" አለ ባምላክ አፍንጫውን ይዞ። ኤልዳና በሳቅ ተንበረከከች።

አጠገባቸው የቆመችው ከአቢጃን የመጣች ወፍራም ሴትዮ ዓይኗን ገለጠች። ጉንጯ በዕንባ ርሷል፤ አፍንጫዋ ግን ተጨማዷል። "ለእናንተ ምን አለቻችሁ?" አለች በፈረንሳይኛ።

"ምንም አላለችንም" አለች ኤልዳና። "ተነፈሰችብን እንጂ።"

ሴትዮዋ ፍሬዋን አወጣችና መዳፏ ውስጥ ያዘቻት። ራሷን ወደ ውሃው አዘነበለች።

በዚህ መሃል አትማን ሞተሩን አጠፋ። ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች፣ ከጀልባዋ ሥር እያየ ነው። ዝግ ባለ ድምፅ በስዋሂሊ ተናገረ። የተሳፋሪዎቹ ፍሬዎች ግን የዓሣ ነባሪዋን ንግግር አልጨረሱም፤ በልዩ መስተንግዶ ሰው የሚሰማው ከአውሬው በኋላ ነው። ማንም አልተነቃነቀም። አትማን ደገመው፤ አሁን ግንባሩ ላይ ላብ አለ።

ኤልዳና መቀመጫው ላይ ወጣች። "ተቀመጡ!" አለች በፈረንሳይኛ። "ተቀመጡ!" አለች በአማርኛ። በሁለት እጇ የፊተኛውን ሰው ትከሻ ይዛ ወደ ታች ጫነችው። "ሌላ አለች! ከሥራችን ናት! ወለሉ ላይ ተቀመጡ!" የአቢጃኗ ሴትዮ ቀድማ ቁጭ አለችና የጎረቤቷን ቀሚስ ጎተተች። ባምላክ ሁለት ጎበዛዝት በክንዳቸው ይዞ አወረዳቸው። አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ዘፍ ዘፍ አሉ፤ ኤልዳና መጨረሻ ላይ ወረደች።

ጀልባዋ ከፍ አለች። ሞገድ አልነበረም። ሰፊ፣ ለስላሳ ነገር ከሥር አንድ ስንዝር ያህል አነሳት፤ እንቅልፍ የወሰደውን ሕፃን ቦታ እንደሚያዛውሩት ያለ አነሳስ ነው። በጠርዙ በኩል ጥቁር ጀርባ አዩ፤ ነጭ ነጠብጣብ አለበት፤ አጠገቡም ግልገሏ እንደ ጥላ ይዋኛል። ጀርባው ከጀልባዋ ርዝመት በእጥፍ ይበልጣል። አለፈ፣ አለፈ፣ አለፈ። ከዚያ ጀልባዋ በቀስታ ወረደችና ውሃው ላይ ተቀመጠች። ከአንድ ሰው ባርኔጣ በቀር የጠፋ ነገር የለም።

ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በየቋንቋቸው፣ ማውራት ጀመሩ። የአቢጃኗ ሴትዮ ኤልዳናን አንገቷን አቅፋ ሳመቻት።

አትማን ላቡን በእጅጌው ጠረገና ኤልዳናን አንድ ነገር ጠየቃት። መለሰችለት።

"ምን አለሽ?" አለ ባምላክ።

"'እንዲህ ያለ አፍ የት ነበር? ነገም ትመጫለሽ?' አለኝ። ነገ ወደ አገራችን እንሄዳለን አልኩት።"

ባምላክ ባሕሩን አየ። እዚያ ርቆ ሁለት የትንፋሽ ርጭት ታየ፤ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ። ፀጉሩ ርሷል፤ ነጩ ሸሚዙ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

"ከነገው ቀጥሎ ወደ አገር የሚሄደው ባቡር መቼ ነው በይው" አለ።

ኤልዳና አንድ አፍታ አየችው። ከዚያ ወደ አትማን ዞራ ጠየቀች።

"አልሐሚሲ" አለ አትማን፤ ሐሙስ ማለቱ ነው።

ባምላክ እስክትተረጉምለት አልጠበቀም። ሊሰነብት እንደቆረጠ ሰው ጫማውን ማውለቅ ጀምሯል።